ሳይነኩ የለኩት እጅ፦ የመምህር ሊቤ ኦዳ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሊቤ ኦዳ ከአባታቸው ከኦቦ ኦዳ ቱፋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጠጅቱ ነገዎ በ1963 ዓ.ም. በተጂ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በተጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሰበታ ተምረው፣ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቀው፣ ሕመም አልጋ ላይ እስኪያውላቸው ድረስ በቴክኒክ ኮሌጅ አስተምረዋል። በ1989 ዓ.ም. ይህን ከምትጽፈው ከሰብለወርቅ ሳህሉ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ፉሪ ላይ ቤት ሠርተው፣ ሩሃማንና ባርናባስን ወልደዋል።

በ2006 ዓ.ም. በሰበታ ገበያ ልብስ የሚሰፉትን ታላቅ እህታቸውን ወ/ሮ ወርቅቱን ስትሮክ መታቸው። ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ እንጀራቸውም ቆመ። መምህር ሊቤ በዚያን ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የሚያጠኑትን ሰው ሠራሽ ጡንቻ ለእህታቸው ጓንት ሊያደርጉት ተነሡ።

ይህ ጡንቻ መረብ የለበሰ የጎማ ቱቦ ነው። አየር ሲሞላ ይወፍርና ያጥራል፤ ሲያጥር ጣት ይስባል። ከልክ በላይ ከሳበ ግን ጣት ይሰብራልና እንቅስቃሴውን መለካት ግድ ነበር። በማስመሪያ ሲነኩት ይዛነፋል። “የነኩት ነገር እውነቱን አይናገርም” ይሉ ነበር። ስለዚህ ቱቦውን ነጠብጣብ ቀብተው በካሜራ ቀረጹት፤ የነጥቦቹን ጉዞ ከምስል ወደ ምስል ኮምፒውተሩ እንዲከታተል አደረጉ። ሌላው ቀለም ጎማው ሲለጠጥ ስለሚሰነጠቅ የተቀባው የባለቤታቸው ኩል ነው። ያውም ሳያስፈቅዱ! ይህ ሳይነገር አይታለፍም።

በ2008 ዓ.ም. የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሲበረታ፣ ካሜራው ብርሃን ፍለጋ መስኮት ሥር ተተክሎ ነበር። መስኮቱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች “ኦቦ ሊቤ፣ ለማን ነው የሚቀርጹን?” ብለው መጡ። እሳቸውም ቱቦውን አየር የሚሞሉበትን ፓምፕ አቀበሏቸው። ቱቦው ድንች የሞላ ከረጢት ብድግ ሲያደርግ ወጣቶቹ ስቀው ሄዱ። በማግሥቱ ወታደሮች ያንኑ ጥያቄ ይዘው መጡ። ለእነሱም ፓምፑን አቀበሏቸው። እነሱ ግን አልሳቁም፤ ካሜራውን ይዘው ሄዱ።

ያን ሰሞን ከቤት መውጣት የሚያስፈራ ነበር። ወ/ሮ ወርቅቱ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ወታደሮቹ ካረፉበት ገቡ፤ የማይታዘዘውን እጃቸውንም አዛዡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። “ማሎ ልጄ፣ እባክህ፣ ካሜራው የሚያየው ይህን ነው። እናንተን ለማየትማ ዓይኔ ይበቃኛል” አሉ። ካሜራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ጓዳ ገባ።

ጓንቱ በ2010 ዓ.ም. አለቀ። ሁለት ጣትና አውራ ጣት ብቻ ይሰበስባል። መርፌ አይዝም፤ ጨርቅ ግን ይይዛል። ወ/ሮ ወርቅቱም ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። መምህር ሊቤ ያን ቀን ሲያለቅሱ ታይተዋል፤ አቧራ ነው ብለው ነበር።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ እህታቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ይህን ወረቀት ይዘው የሚያነቡላችሁ እሳቸው፣ ወ/ሮ ወርቅቱ ናቸው። የያዙትም በግራ እጃቸው ነው። ወረቀቱ ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ የጓንቱ አይደለም።

የደከሙበትን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።