የፅንስ አንጎል ምስል ያነሱ የነበሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከሰዓት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ጨለማም፣ ጠባብ ቦታም፣ የውሻ ጩኸትም ያስፈራቸው ስለነበር በቤት ውስጥ የወጣላቸው ስም «ድንግጤ» ነበር። በር ሳይንኳኳ ቢከፈት ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ያቺ ፈሪ ልጅ አድጋ ሰው ጠባብ ቱቦ ውስጥ የምታስገባ ባለሙያ ትሆናለች ብሎ የገመተ ከእኛ መካከል አልነበረም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1978 ዓ.ም. በራጅ ሙያ ተመርቀው ሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. ከመምህር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ሆስፒታሉ በትልቅ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳውን የኤም አር አይ ማሽን ሲያስገባ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው፣ በ2001 ዓ.ም. የልጅ አንጎል ገና በማኅፀን ሳለ እንዴት እንደሚያድግ የሚያጠናውን ቡድን ተቀላቀሉ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። እርጉዟ በጎኗ ትተኛለች፣ ጆሮዋ ይሸፈናል፣ ማሽኑ በመዶሻ እንደሚመታ ቆርቆሮ ይጮኻል። ፅንሱ በተገላበጠ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዛል፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ እንደገና ያነሳሉ። መጀመሪያ ልሙጥ የነበረው አንጎል ከሳምንት ሳምንት እየታጠፈ ሲሄድ ማየት ደስ ይላቸው ነበር፤ ያስፈራቸውም ነበር። ማግኔቱ ብረት ስለሚስብም ፍርሃቱ ቤት ድረስ ተከትሏቸዋል። በታናሽ እህታቸው ሠርግ ሙሽራዪቱን ከማቀፋቸው በፊት ፀጉሯ ውስጥ ብረት ይኖር እንደሆነ በእጃቸው መፈተሻቸውን እስከ ዛሬ እየሳቅን እናወራዋለን።

ለእናቶቹ «አይዞሽ» ይላሉ እንጂ «ልጅሽ ደህና ነው» ብለው አያውቁም። ውጤት መናገር የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ እህታችንም ከዚህ ሕግ ዝንፍ ብለው አያውቁም።

በዚህ ዓመት ልጃቸው አረገዘች። ጥናቱ ለማነጻጸሪያ ጤነኛ እርጉዞችን ይፈልግ ስለነበር እናቷን ደስ ለማሰኘት ራሷ ሄዳ ተመዘገበች፤ «ከእናቴ በቀር ማንም አያነሳኝም» ብላም ድርቅ አለች። እሳቸውም እሺ አሉ። ገና በመጀመሪያው ምስል ላይ፣ በፅንሷ አንጎል ውስጥ ያለው የፈሳሽ ክፍተት በአንድ ጎኑ ከሌላው ሰፍቶ አዩ። ክው አሉ። ሆኖም በማይክሮፎኑ «ትንሽ ነው የቀረሽ፣ አትንቀሳቀሺ» እያሉ እስከ መጨረሻው አነሱ።

ልጃቸው ስትወጣ ግን ፊታቸው አልደበቀላቸውም። «እማዬ፣ ምን አየሽ?» ብትላቸው «ሐኪሙ ይንገርሽ» አሏት። ሐኪሙም ምንም ላይሆን ይችላል፣ የሕፃኗን የአእምሮ እድገት ሊያዘገይም ይችላል፣ የሚታወቀው ተወልዳ ስታድግ ነው አላት። በድጋሚ ሲታይም ክፍተቱ አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። ልጃቸው ያዩትን ራሳቸው ስላልነገሯት ተቀየመች፣ የእናቷን ስልክ ማንሳትም ተወች።

እህታችን በዚያ ሰሞን ምግብ ሲቀርብላቸው ወዲያ ይገፉ ጀመር፤ ሰውነታቸውም ከሳ። ጭንቀት ነው ብለን ዝም አልን። ለካ የጉበት ካንሰር ኖሯል።

ይህን የሰማች ዕለት ልጃቸው ሆዷን ደግፋ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እህታችንም፣ «እኔም አላውቅም ልጄ። እንዲህ ታይተው ደህና የሆኑ አሉ፤ ያልሆነላቸውም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈርቻለሁ። ብቻሽን እንድትፈሪ ማድረግ ግን አልነበረብኝም» አሏት። ልጃቸው አልቅሳ ስታበቃ እጃቸውን ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ከአጠገባቸው አልተለየችም፤ እናትና ልጅ ፍርሃታቸውን እየተነጋገሩበት ሰነበቱ።

እህታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ፣ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን፣ እንዲሁም በመጪው ወር የምትወለደውን፣ ከመካከላችን እሳቸው ብቻ ያዩዋትን የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን። የምትመጣዋንም ሕፃን፣ እንዴትም ሆና ትምጣ፣ እጃችንን ዘርግተን የምንቀበልበትን ብርታት ለእናቷና ለሁላችንም ይስጠን።