ዳኛው ምንጣፉ ላይ የተኙ ዕለት

ውድ አባቴ፤

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጉልበትዎን ቀለል ብሎዎት እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። ለወጉ ያህል ደህና ነን ማለቴ አይደለም። ይህን ስጽፍ ልጅቷ ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ወጥታ ስትዘል ይሰማኛል። እናቷ “ውረጂ” ብላ ብላ ደክሟት ትታታለች። ድሮ ከአልጋ እስከ በር ሄዳ የምታለከልክ ልጅ ዛሬ የአልጋውን ሽቦ ልትጨርሰው ነው፤ እኔም እንደ ሞኝ ቁጭ ብዬ የሽቦውን ሲጥሲጥታ እያዳመጥኩ ደስ ይለኛል።

ባለፈው አውቶቡስ ተራ ስንለያይ ልልዎት ያሰብኩትን ነገር ሳልነግርዎት ቀረሁ። እርስዎ “በል እንግዲህ፣ ቤተሰቡን አደራ” ብለው ተሳፈሩ፤ እኔም “እሺ” ብዬ ተመለስኩ። እኔና እርስዎ እንዲህ ነን። ያን ሁሉ ዘመን ችሎት ላይ ተናግረው ተናግረው ወደ ቤት የሚተርፍ ቃል አልነበረዎትም፤ እኔም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ከሽቦ ጋር የዋለ ሰው ምን አፍ ይኖረዋል? ስለዚህ በወረቀት ይሁንልኝ። በዚያ ላይ እርስዎ እዚያው ሆነው ያላዩት አንድ ነገር አለ። ሳልነግርዎት ብቀር ይቆጨኛል።

ከመምጣትዎ በፊት የሆነውን ሁሉ በስልክ አልነገርኩዎትም። ልቧ ከነቀዳዳው እንደተፈጠረ፣ ስታለቅስ ከንፈሯ እንደሚጠቁር ያውቃሉ። ሐኪሞቹ ቀዳዳው ሳንባዋን ሳይጎዳው መደፈን አለበት ብለው ቀን ቆረጡልን። ሁለት ጊዜ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር አደረስናት፤ ሁለቱንም ጊዜ ይዘናት ተመለስን። የማደንዘዣውን ማስክ ስታይ የምትሆነውን ባያዩ ይሻላል። የሚያስተኛትን ሽሮፕ ትተፋለች፤ ማስኩን ይዞ የቀረበውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ከዚያ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ከዚያ ሁላችንም ወደኋላ እንላለን። የማደንዘዣው ሐኪም ደግ ሰው ነው። ጓንቱን አውልቆ፣ በግድ ማስተኛት እንደማያቅታቸው፣ ነገር ግን ይህ ልብ እንዲህ ያለውን ትግል ይችለው አይችለው እንደማያውቅ ነገረኝ። ብዙ መጠበቅ እንደማይቻልም አልደበቀኝም።

ለመንናት፣ በአሻንጉሊት ደለልናት፣ አንዴም ተቆጣኋት። ምን እንደሚያስፈራት ስንጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ያኔ ነው የደወልኩልዎት። “አባዬ፣ ይምጡ” ብዬ የዘጋሁት ሥራ ይዞኝ አልነበረም። ድምፄ ስለከዳኝ ነው።

እርስዎም በማግስቱ ሙሉ ልብስዎን ለብሰው፣ ከረባትዎን አስረው፣ ከዘራዎን ይዘው መጡ። ነርሶቹ እንኳ ሳያውቁዎት ከወንበራቸው ተነሱ። እሷ ግን ከአልጋዋ ሳትነቃነቅ “አባባ፣ ምን አመጣህልኝ?” አለችዎት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንተ ብዬ ያልጠራሁዎትን ሰው እሷ እንደ እኩያዋ ነው የምታዝዘው፤ እርስዎም “እሜቴ” እያሉ ይታዘዛሉ። ያን ቀንም ብርቱካን ከኪስዎ አውጥተው ልጠው ሰጧት።

ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን የጨዋታ ክፍል መጀመሪያ ያየን ዕለት ያሉትን አልረሳሁትም። በዚያ ክፍል የምትሠራውን ሴት ልጆቹ “ሲስተር ጨዋታ” ይሏታል። ነርስ አይደለችም፤ ሙያዋ፣ የተማረችውም፣ ከታመሙ ልጆች ጋር መጫወት ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ለጨርቅ አሻንጉሊት ፋሻ ስትጠቀልል አገኘናት። እርስዎ ቆመው አይተው፣ ይህች ልጅ የመጣችው ለሕክምና ነው ወይስ ለመዋዕለ ሕፃናት አሉ። ሴትየዋ አልተቀየመችም። ፋሻውን እንደያዘች “ጌታዬ፣ የጨነቀው ልጅ አፉ ይታሰራል፤ እጁ ግን አይታሰርም። እስቲ እጇን ትንሽ እንጠብቀው” አለች። እርስዎ “ይሁን” ብለው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡና ጋዜጣዎን ዘረጉ።

ልጅቷ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። እዚያ ያለው ዕቃ የጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛ የልብ ማዳመጫ አለ፣ መርፌው የወለቀ ስሪንጅ አለ፣ ያው የምትፈራው ማስክም አለ። ሲስተር ጨዋታ “ይህን ንኪ” አላለቻትም። አጠገቧ ተቀምጣ የራሷን ሥራ ትሠራለች። ልጄ በማግስቱ ስሪንጁን በውኃ ሞላችው። ከዚያ አሻንጉሊቷን ወጋቻት፤ ከዚያ እንደ ጉድ ወጋቻት፤ ክንድ ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ዓይን ላይ። እኔ “ኧረ ቀስ” ልል ስል ሴትየዋ በዓይኗ ከለከለችኝ።

አንድ ጧት ማስኩን አነሳች። እርስዎ ጋዜጣውን ዝቅ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ማስኩን አሻንጉሊቷ ፊት ላይ አደረገችው፣ በነጭ ጨርቅ ከእግሯ እስከ አናቷ ሸፈነቻት፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች። ሲስተር ጨዋታ ቆይታ በዝግታ ምን ሆና ነው አለቻት።

“አንቀላፋች።”

“መቼ ነው የምትነሳው?”

ልጄ ዞር ብላ እንደ ቂል አየቻት። “ያንቀላፋ ሰው ይነሳል እንዴ? አያቴ ተነስታለች?”

አባዬ፣ ያኔ የተሰማኝን በምን ቃል ልግለጸው? የቤቱ ሁሉ መብራት ባንዴ የበራ ያህል ነው። እማዬ የሞተች ጊዜ አያቷ የት ሄደች ብላ ስትጠይቅዎት እኔም እዚያው ነበርኩ። ዕድሜ ልክ እስራት ሲያነቡ ድምፅዎ የማይሰበር ሰው፣ አንጀትዎ አልችል ብሎ “አንቀላፋች” አሏት። ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ አልልም ነበር። ከዚያ ደግሞ ያ ደግ ሐኪም ጎንበስ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ “በዚህች ማስክ ስትተነፍሺ እንቅልፍ ይወስድሽና ታንቀላፊያለሽ” አላት። እናቷም “ታንቀላፊና ይሻልሻል” አለቻት። እኔም አልኳት። የምንወዳት ሁላችንም ተሰልፈን፣ እየሳቅን፣ ትሞቺያለሽ ስንላት ከርመናል። እሷም የሞት ፍርዷን ይዛ፣ ለማን አቤት እንደምትል ጠፍቷት፣ ግድግዳ ስታይ ኖራለች። ነገሩን ያወጣው የእኛ ጥያቄ ሳይሆን አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ናት። ያን ክፍል እንደ መጫወቻ ማየት የተውኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

ሴትየዋ ኮሪደር ላይ አውጥታን፣ ልጅ ለስለስ ባለ ቃል እንደሚሳሳት፣ እውነቱን የምታምነው ሰው ሊነግራት እንደሚገባ አስረዳችን። እኔ ልነግራት ስነሳ እርስዎ ክንዴን ያዙኝ። “ተው። ቃሉ የእኔ ነው፤ ያልኩትን እኔው ላርመው” አሉኝ። ፊትዎ አመድ መስሎ ነበር። እማዬ ከሞተች ጀምሮ “ሞተች” የሚለው ቃል ከአፍዎ ወጥቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ። እኛም በፊትዎ አንለውም ነበር።

ወደ ክፍሉ ሲገቡ ልጅቷ ጫማ አውልቅ አለችዎት፤ አወለቁ። ከዘራዎን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን አጥፈው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ አሏት፤ አንድ ቃል አልጠፋኝም። “እሜቴ፣ አያትሽ አላንቀላፋችም። ሞታለች። የሞተ ሰው አይተነፍስም፣ አያመውም፣ አይነሳም። ይህን ማለት ከብዶኝ ነው እንቅልፍ ያልኩት።”

“ዋሸኸኝ?”

“አዎ። ዋሸሁሽ።”

 ከዚያ እጇን ማስኩ ላይ አድርጋ “እኔስ?” አለች። የእሷ እንቅልፍ የማታ እንቅልፍ ወንድም መሆኑን፣ እየተነፈሰች እንደምትተኛ፣ ሐኪሙ ከራስጌዋ ሳይነቃነቅ እንደሚጠብቃት፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ እንደምትነሳ ነገሯት። አዳመጠች። ግን አንዴ የዋሸ ሰው በቃሉ ብቻ አይታመንም። “እስቲ አንተ ተኛ” አለችዎት።

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አባቴ ኮታቸውን አውልቀው፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ ምንጣፍ ላይ በጀርባቸው ሲተኙ አየሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ወለል ላይ ሲቀመጡ እንኳ አይቼ አላውቅም። ማስኩን አደረገችልዎት፤ ጨርቁን ግን እስከ ደረትዎ ብቻ አለበሰችዎት፤ ፊትዎን መሸፈን ፈርታ ነው። አፍዎ ላይ ጆሮዋን አስጠጋች። ጠበቀች። “ተነስ” አለች፤ ዓይንዎን ገለጡ። ትክ ብላ አየችዎትና “እንደገና” አለች። እንደገና ተኙ። እንደገና ተነሱ። የሌላ ክፍል ልጆች የግሉኮስ መስቀያቸውን እየገፉ ተሰበሰቡ፤ አንዱ ረዳት ሆነ፣ አንዷ ነርስ። እሷ ዋና ሐኪም ናት። እርስዎ ስትልዎት እየተኙ፣ ስትልዎት እየተነሱ ረፋዱ አለፈ።

እንግዲህ ያላዩትን ልንገርዎት። ከመጡ ጀምሮ ዓይንዎን ከድነው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ በመጨረሻው ላይ የእውነት እንቅልፍ ወሰደዎት። እርስዎ ጥቂት ያሸለቡ መስሎዎት፣ ነቅተው ከረባትዎን እያስተካከሉ ይቅርታ ጠየቁ። በመካከሉ የሆነው ግን ይህ ነው። ልጅቷ “ተነስ” አለችዎት፤ አልተነሱም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመች፤ አልተነሱም። ረዳቷ ልጅ “ሞተ እንዴ?” አለ። እኔ ልገባ እግሬን ሳነሳ ሲስተር ጨዋታ እጄን ያዘችኝ። የልጄ ከንፈር ሲገረጣ አየሁ። አሁን ጮኸች፣ አሁን ጠቆረች እያልኩ ጠበቅኩ።

አልጮኸችም። የልብ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ደረትዎ ላይ ጎንበስ አለች። ቆየች። ከዚያ ማስኩን አንስታ መዳፏን ከአፍንጫዎ ፊት ዘረጋች፤ በትንፋሽዎ መዳፏ ሲሞቅ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ። ወደ ልጆቹ ዞራ፣ በቃ እንደ ትልቅ ሰው፣ “ዝም በሉ። ይተነፍሳል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ይነሳል” አለች። ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ያ ሁሉ ልጅ ጸጥ አለ። ራስጌዎ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ፣ እጅዎን ይዛ፣ እስኪነቁ ድረስ ጠበቀችዎት። እርስዎ ደግሞ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ማንም አልሳቀም።

ጠጉሬ ቆመ፣ አባዬ። በሥራዬ ከትልቅ ፊውዝ ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ኃይል ምን እንደሆነ አውቃለሁ እል ነበር። ያን ጧት ግን አንዲት ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሞትንና እንቅልፍን በመዳፏ ለይታ ስታስቀምጥ አየሁ። ዞር ስል ሲስተር ጨዋታ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ብዙ ልጅ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም አለችኝ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እርስዎ ውጪ ቀሩ፤ እኔን እስክትተኛ ድረስ አስገቡኝ። አልጋው ላይ በራሷ ወጣች። ሐኪሙን ማን እንደሚቀሰቅሳት ጠየቀችው። እኔ ነኝ አላት። ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት። ስሙን በአፏ ሞክራ ሞክራ ሲስተካከልላት፣ “የትም እንዳትሄድ፤ አባባ ተኝቶ እኔ አልሄድኩም” አለችው። ከዚያ ማስኩን ከእጁ ወስዳ በገዛ እጇ ፊቷ ላይ አደረገችው። ሐኪሙ ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።  ዓይኗ ሲከደን እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ ምን ሆነች ሲሉኝ “ተኛች” ብቻ አልኩዎት። ያን ጊዜ ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን አይተናል፤ ያን ረጅም ጥበቃ፣ ስትነቃ ያን የቀላ ከንፈር።

ከሆስፒታል የወጣን ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አያቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ስትጠይቅዎት ከማዕድ ቤት ሰማሁ። እርስዎም ያወሩላት ጀመር። እማዬ ስትስቅ ትከሻዋ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዛ እንደነበር፣ ሲያሾፉባት እንዴት መልስ እንዳሳጣችዎት። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ውኃው በእጄ ላይ እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ። ደስ አለኝ፤ ደግሞ፣ አይፍረዱብኝና፣ በልጄ ቀናሁ። እኔም እኮ እናቴ ሞታብኛለች። ማን ያውራልኝ?

ልጅቷ ለምርመራ ከታየች በኋላ ይዣት እመጣለሁ፤ ሐኪሙ ለመንገድ ፈቅዶላታል። እሷ ለእርስዎ ያሰበችው ሥራ እንዳላት ነግራኛለች፤ አሁን የጥርስ ሐኪም ሆናለችና ጥርስዎን ሳታይ አትለቅዎትም። እኔ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እሷ ከደከማትና ከተኛች በኋላ እርስዎና እኔ እንቀመጥ፤ ወንበር ላይም ይሁን መሬት፣ እንደሚመችዎት። ስለዚያች ባለ ጃንጥላ ልጅ ለእኔም ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።

እጅ የሚነሳዎት ልጅዎ