ከስድስት ሜትር በታች ያላስተማርኩት

ማክሰኞ

ዛሬም አልተገኘም። የጎረቤቴ የእትዬ አሚና ልጅ ከድር፣ እሁድ መረብ ሲጎትት ጀልባዋ ተገልብጣ ግድቡ ውስጥ ሰጠመ። በእነሱ ደንብ ሬሳ አያድርም። ይሄ ሁለት ሌሊት አደረ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ቶሎ አያንሳፍፍም።

ከሐዋሳ ሙሉጌታ የሚባል ጠላቂ መጥቷል። መሀሉ አርባ ሜትር ይሆናል አለ። እዚያ ድረስ ተራ አየር ይዘው ሲወርዱ ናይትሮጅኑ እንደ አረቄ ያሰክራል። "ታች ደርሼ ምን ልፈልግ እንደወረድኩ ጠፋኝ ጋሼ" አለኝ። ሂሊየም የተቀላቀለበት አየር ቢሆን ጭንቅላቱ ባልዞረ። አሰላ ውስጥ ሂሊየም አለ ቢባል የሠርግ ፊኛ ውስጥ ነው፤ እሱም አብዛኛው በአፍ የተነፋ ነው።

ረቡዕ

አየሩ አለቀ። ሲሊንደሮቹ ሊሞሉ አዲስ አበባ ተላኩ። ጎሚስታው "እኔ እሞላለሁ" ብሎ ነበር። የእሱ ኮምፕረሰር ለአይሱዙ ጎማ እንጂ ለሳንባ አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ተማሪዬ ገመቹ፣ ከብየዳ ቤቱ የኦክስጅን ሲሊንደር በባጃጅ ጭኖ መጣ። ግድቡ ዳር የተሰበሰበው ሕዝብ መንገድ ለቀቀለት። "ንጹሑን ይተንፍስ" አለ።

አይሆንም አልኩ። ንጹሕ ኦክስጅን ከስድስት ሜትር በታች መርዝ ነው። ያንዘፈዝፋል፤ ውሃ ውስጥ የተንዘፈዘፈ ደግሞ አይመለስም።

"ጋሼ፣ ኦክስጅን ሕይወት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት፣ በጠመኔ። የቀረውን ፈተና ላይ ስለማይመጣ ዘልዬዋለሁ።

ሙሉጌታም ያውቃል። ግን እትዬ አሚና እያየችው ነበር። አንገቱን ደፍቶ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ሊገጥም መፍቻ አነሳ። "አሥር ደቂቃ ብቻ" አለ።

የተነሳችው እሷ ናት።

"እናት አለችህ?"

"አለች።"

"መፍቻውን አስቀምጥ።" ወደ ገመቹ ዞረች። "አንተም ዕቃህን ይዘህልኝ ሂድ፣ ልጄ።"

ሐሙስ

አየሩ ተሞልቶ መጣ። ሙሉጌታ ሁለት ጊዜ ወረደ። ጭቃ፣ የመረብ ቁራጭ፣ አንድ ጫማ። ጫማው የከድር አይደለም። የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ ሬሳው በሌለበት ተሰገደ። ሙሉጌታ ጠዋት ሄዷል። ገመቹ አኩርፎኛል። ትክክል መሆኔ ከድርን አላወጣውም።

ማምሻውን ሙሉጌታ ደወለ፤ ሐዋሳ ገብቷል። ሄጄ በደህና መድረሱን ለእትዬ አሚና ነገርኳት። ወደ ግድቡ በኩል ዞረች።

"እናቱ አየችው?" አለች።

"አየችው" አልኩ።

ይህን ሙሉጌታን አልጠየቅኩትም ነበር።