ሲኞራ ግራዚዬላ ከቤታቸው ሳይወጡ የቀሩበት ምክንያት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ መዝገቡ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? ጎንደር በጋው እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አባባ፣ ሳልጽፍልዎ የቆየሁት ጭንቀት ላይ ስለነበርኩ ነው። የማስታምማቸው ሲኞራ ግራዚዬላ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ተወልደው ያደጉትም እዚህ ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለው በዚሁ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ኅዳር ላይ ግድግዳችን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሊያይ የመጣው መሐንዲስ መሠረቱ ሳይሰምጥ አልቀረም ብሎ እስከ ፋሲካ እንድንለቅ ነገረን። ሲኞራ «ከዚህ የሚወጣው ሬሳዬ ነው» ብለው ተኙ፤ እህልም እምቢ አሉ።

ቢጨንቀኝ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ የማውቃቸውን ጋሽ ተኽለብርሃንን ለመንኳቸው። የአስመራ ልጅ ናቸው፤ እዚህ አርባ ዓመት በግንበኝነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ስንጥቁን በመዳፋቸው ዳሰሱና «አሎራ፣ እንግዲህ ይሄ እርጥብ ነው። ጣሪያው ድረስ ውሰጂኝ» አሉኝ። እኔ መብራት ይዤ ወጣን። አሸንዳው በቅጠልና በእርግብ ላባ ተደፍኖ፣ የዝናቡ ውሃ ስንት ዓመት ወደ ግድግዳው ሲገባ ኖሯል። «ሕንፃውስ ጠንካራ ነው። ወደዚህ የሚወጣ ሰው ነው ያጣው» አሉ።

ይህን የነገርነው መሐንዲስም ተመልሶ መሠረቱን አስቆፍሮ ሲያይ ደህና ሆኖ አገኘው፤ ውጡ ያለውንም አነሣ። አሸንዳው ተቀየረ፣ የበሰበሰው የጣሪያ ወራጅ እንጨት በአዲስ ተተካ፣ ግድግዳውም ደርቆ ተጠገነ።

ይህን ቤት ቢያዩት ይወዱት ነበር። ምድር ቤቱ ድሮ የጋሪ ማቆሚያ፣ በኋላ ማተሚያ ቤት ነበር አሉ፤ ዛሬ ቅመም ይሸጥበታል። በሩ ሰፊ፣ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ለመጣው ሁሉ ይመቻል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ጋሽ ተኽለብርሃን ትልቁን ወራጅ አሳዩኝ። በየጊዜው የጠገኑት ሰዎች ስማቸውንና ዓመቱን ጽፈውበታል፤ የመጀመሪያው መቶ ዓመት አልፎታል። እሳቸውም የራሳቸውን ጻፉና «መብራት የያዘም ሠርቷል» ብለው እርሳሱን ሰጡኝ። በአማርኛ «መዓዛ መዝገቡ» ብዬ ጻፍኩ። ስምዎ ሮም ጣሪያ ሥር ተቀምጧል፣ አባባ።

ሰሎሞን የጎንደሩ ቤታችን አርጅቷል ብሎ፣ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ማሰቡን በስልክ ነግሮኛል። ወንድሜን አልከለክለውም፤ ግን አስቀድሞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይየው። እርስዎ በእጅዎ ያቆሙት ግድግዳ የቸገረው ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ይሆናል። እርስዎ ግን እንዳይወጡ፣ አደራ!

እማዬን ጉንጯን ሳሙልኝ። ሰሎሞንን፣ ሚስቱን ፀጋንና ልጆቹን ሰላም በሉልኝ። ሲኞራ ግራዚዬላም ሰላም ብለውዎታል፤ ዛሬ ደረጃውን ብቻቸውን ወርደው ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ።

ልጅዎ መዓዛ
ሮም፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.