«ፔንዲንግ» ስለተባለው ቃል፣ ለሰው ሀብት አስተዳደር

ለተከበሩ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር ዘወትር የተጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ፣ ሥራ የለቀቅሁም ያልለቀቅሁም የንብረት ክፍል ሠራተኛዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ።

ከሰባት ወር በፊት ባለቤቴና ልጄ ባሉበት ከተማ ሥራ አግኝቼ መልቀቂያ ስጠይቅ፣ ማመልከቻዬ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔንዲንግ» ብለው ጻፉልኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነውና ተፈቀደ ማለት መስሎኝ ለባለቤቴ ደውዬ አበሰርኋት። ኋላ መዝገበ ቃላት ባገላብጥ ቃሉ ቅጽል ነው፤ ሥሩም ላቲን ሆኖ መንጠልጠል ማለት ነው። እኛም እንጥልጥል የሚል ቃል ነበረን፤ ግን ሰውን በእንግሊዝኛ ማንጠልጠል የበለጠ ጨዋነት ሳይኖረው አይቀርም። አጠቃቀሙን በተግባር ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ለመልቀቅ ክሊራንስ የሚባል የርክክብ ቅጽ ያስፈልጋል። ቅጹ ላይ «ንብረት አስረክቧል» ብሎ የሚፈርመው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። በራስህ ጉዳይ አትፈርምም አሉኝ። ልክ ነዎት፣ ሰው እንዴት ይታመናል።

፪. የሚተካኝ ይቀጠርና እሱ ይፈርም ብል፣ አንተ ክሊራንስ ሳትጨርስ መደቡ ክፍት አይባልም አሉኝ። እንድወጣ ፈራሚ ይምጣ፣ ፈራሚው እንዲመጣ እኔ ልውጣ። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ።

፫. የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ግን ወዲያው ተረከቡኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ ሰዓት ፈርሜ እገባና በተቆለፈው በር ፊት ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «ገና አልሄድክም እንዴ?» ይለኛል። መጀመሪያ እስቅ ነበር፣ አሁን ግን ጫማዬን አያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል። የአራት ዓመቷ ልጄ መቼ እንደምመጣ በስልክ ስትጠይቀኝ የእርስዎን ቃል ነገርኋት። ይኸውና ለጎረቤቱ ሁሉ «አባዬ ፔንዲንግ የሚባል አገር ነው ያለው» እያለች ታወራለች አሉ። እኔም አላረምኋትም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሂድ ወይም አይሄድም ብለው ይጻፉልኝ።

ቀሪው ዘመንዎ የተቃና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከምርጫ ማጣት ጋር፣
የንብረት ክፍል ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳና ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስነሳ ከአዲሱ መሥሪያ ቤት ተደወለ። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ጸሐፊዋ «አዝናለሁ፣ አልሆነም» አለችኝ። በሰባት ወር ውስጥ ከአንድ ቢሮ ያገኘሁት ሙሉ መልስ ይህ ብቻ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አመስግኛት ስልኩን ዘጋሁት። ለባለቤቴ ግን ገና አልነገርኋትም።