ኩባንያው ጤነኛ ነው

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግረዋል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ... ስለ እኔ ከታች እጽፍልሻለሁ።

ማክሰኞ ስትደውዪ ስልኩን ቶሎ የዘጋሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ።

በአክሲዮን መገበያያው አዳራሽ «አውራው» እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ። ያ ባንክ ከመውደቁ በፊት አክሲዮኑን ቀድሜ ሸጬ ከወጣሁ ወዲህ፣ ደላላው ሁሉ የዋጋ ሰሌዳውን ትቶ የእኔን ፊት ነው የሚያየው። ሳዛጋ ገበያው ቀዘቀዘ ይላሉ። አንድ ቀን አዲስ ጫማ ልጦኝ እያነከስኩ ብገባ የስኳር ፋብሪካው አክሲዮን ወረደ። ያኔ ስቄ ነበር። ንብ እንኳ አውራዋን የምትከተለው ማደሪያ ፍለጋ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ወዴት እንደሚሄዱም አይጠይቁም።

ማክሰኞ ጠዋት የሲሚንቶ ፋብሪካውን አክሲዮን ስንገበያይ ስልኬ ጮኸ። ባለፈው ሳምንት የመረመረኝ ሐኪም ነበር፤ አሁኑኑ ና አለኝ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ። ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር እኔ አላየሁትም፤ እነሱ ግን አይተውታል። አጠገቤ የሚቀመጠው ደላላ በሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ደስ አለኝ፣ እትዬ፤ ምን ሆንክ ሊለኝ ነው ብዬ። እሱ ግን ምን ሰማህ አለኝ። የራሴ ጉዳይ ነው ብዬ ብመልስለት፣ ወሬውን ለብቻዬ ልበላው መስሎት ወደ ውስጥ ሮጠ።

ከዚያ በኋላ እግሬ አውጪኝ ሆነ። አንዱ ሸጠ፤ ሌላው ያ ስለሸጠ ሸጠ። ፋብሪካውን ምን ነካው ያለ የለም። እኔ ይህን ያየሁት ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ በቴሌቪዥን ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለልጃቸው ደውለው የእኛንም ቶሎ ሽጥልን ሲሉት ሰማሁ። ሽብሩ የተነሳው ከእኔ ፊት መሆኑን ምን ብዬ ልንገራቸው?

ስልኬ ሲጮህ ዋለ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። ስምሽን ሳይ ግን ሆዴ ባባ፤ እሷ እንኳ ደህና ነህ ወይ ትለኛለች አልኩ። አንቺም ገና ከማንሳቴ የሲሚንቶውን ልሽጠው ወይ አልሽኝ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እዚያ ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ቆሞ መቅረት ያስፈራል። አልተቀየምኩሽም ብል ግን ዋሸሁ።

መልሴ ይኸው፦ አትሽጪ። የፋብሪካውን ሒሳብ አገላብጬ አይቻለሁ፤ ሰው ሲረጋጋ ዋጋው ይመለሳል። ኩባንያው ጤነኛ ነው።

ሐኪሙ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘህ ና ብሎኛል። ማንን እንደምይዝ ሳስብ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ሰምተሽ እንዳትሸጪ ብዬ ነው።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከመጣሽ፣ እባክሽ፣ መጀመሪያ እንዴት ነህ በይኝ።

ታናሽ ወንድምሽ