ግራ ያልሽኝ ሁሉ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጥሽ ነው ወይስ ዛሬም ትራስ ሥር እየደበቅሽ? እኔ ጫማ ተረከዜን ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። ያስላጥሽኝ ግን አንቺ ነሽ፤ ሳልናገር አላልፍም።

እማዬ፣ ምን ዓይነት አቅጣጫ ነው የነገርሽኝ? ይህች ከተማ መዳፍ ታክላለች፤ እኔ ግን ስንከራተትባት ሰነበትኩ። “ከሰዓቱ ማማ ወደ ግራ” አልሽ። ወደ ግራ ብሄድ ያገኘሁት የድሮውን ሲኒማና ግድግዳው ላይ የተሳሉ፣ ዝናብ ያጠባቸውን ጨፋሪዎች ነው። “በሩ አረንጓዴ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት” አልሽ። የመሀል ከተማው አሮጌ ቤት ሁሉ በሩ ሰውን ከነፈረሱ ያሳልፋል። ሰዓቱስ? “የሚዞር ቆጣሪ የለውም” ስትዪን ኖርሽ፤ ይኸው ቆጣሪም አለው፣ አያዛንፍምም! ግራ ያልሽኝ ሁሉ ቀኝ እየሆነ ግራ ገባኝ።

ምራትሽ እውነቷን ይሆን እንዴ አልኩ። ያን ቀን ዘመድ በተሰበሰበበት “እትዬ ደግሞ ያደጉበትን ትልቅ ቤት ጀመሩ” ብላ ስታስቅብሽ፣ አንቺም “ቤቱ ውስጥ የተሰቀለው ስዕል ላይ እንኳ አለሁ” ብለሽ ሁሉም ሲንከተከት፣ ፎቶ አምጥቼ አፏን አስይዛታለሁ ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ። ባዶ እጄን ልመለስ መሆኑን ሳስበው ንድድ አልኩ፤ በእሷም፣ በአንቺም።

በመጨረሻ ቤቱን አገኘሁት፤ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። አስጎብኚው አፉ ሥራ የማይፈታ ሰውዬ ነው፤ ስለ ጣሪያው ብቻ ሲያወራ እግሬ ዛለ። ስዕሉ የመመገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ አለ። ባለቤቶቹ ከነልጆቻቸው ማዕድ ከበዋል። ነጭ ቀሚስ የለበሱትን ልጆች አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ያንቺ አፍንጫ የለም፤ ያንቺ ዓይን የለም። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ጥግ ላይ የቆመችውን አየኋት። ማንቆርቆሪያ ይዛለች፤ በግራ እጇ። አንገቷን ዘንበል አድርጋለች፣ ስትሰለቺ እንደምታደርጊው። “ሰዓሊው ክንዴ እስኪዝል አቆመኝ” ትዪን አልነበር? አስጎብኚውን ማን ናት ብዬ ብጠይቀው፣ ማንም አይደለችም፣ ቦታ መሙያ ናት አለኝ።

መልስ ብሰጠው ስድብ ስለሚሆን ወጣሁ። ቤቱን በጓሮ ዞርኩት። አረንጓዴው በር አለ፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁበት። ዘወር ስል የሰዓቱ ማማ ጀርባ ታየኝ፤ ክብ፣ ነጭ፣ ቆጣሪ የሌለው። ከዚያ በር ሲነሱ ግራ ያልሽው ሁሉ ግራ ነው። አንዲት ቃል አልተሳሳትሽም።

ተመልሼ ስምሽን ከነአባትሽ ለአስጎብኚው አስጻፍኩት። ከእንግዲህ “ማንም አይደለችም” ቢል ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።

ፎቶውን ይዣለሁ። ለምራትሽ እናሳያት ካልሽ እናሳያታለን፤ ካላልሽም ከመድኃኒቱ ጋር ትራስሽ ሥር ይቀመጣል።

ንዴቴ ግን አልበረደም። ይህን ሁሉ ዓመት በየትኛው በር ትገቢ እንደነበር ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔም እኮ በዚያው እገባ ነበር።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ግራኝነትን ከአንቺ የወረስኩት
ልጅሽ